ባዶ ከሆነ ሠላሳ በል

የሒሳብ አስተማሪ ጡረታ ሲወጣ ወይ የዕድር ጸሐፊ ይሆናል፣ ወይ የሰው ስሕተት እየለቀመ ቤተሰቡን ያሰለቻል። እኔ ሁለቱንም ሆኛለሁ። የዕድሩን ጉዳይ ለዕድርተኛው ትቼ ስለ ሁለተኛው ላውራ።

ልጄ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። እሷ ከምትሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ ጋር አብረው ተዘጋጅተው የሚመጡ ፈንክሽኖች አሉ። ፈንክሽን ማለት እህል አስገብተህ ዱቄት እንደምትቀበልበት ወፍጮ ነው፤ አንድ ነገር ትሰጠዋለህ፣ ሌላ ነገር ይመልስልሃል። ከመካከላቸው አንዱ ዓመት ሲሰጡት ፋሲካ የሚውልበትን ቀን ይመልሳል። ከሥሩ የተጻፈው ማብራሪያ «ዓመት ይቀበላል፤ ቀን ይመልሳል» ይላል፤ አለቀ። ባዶ ብሰጠውስ? ደግሞስ የማን ፋሲካ? ዝም። ማብራሪያውን ማንም ሰው አሻሽሎ መላክ እንደሚችል ልጄ ስትነግረኝ እጅጌዬን ሰብስቤ ተቀመጥሁ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

«አባዬ፣ ለስድስት መስመር ሦስት ሳምንት?» አለችኝ።

አልፈርድባትም። አንድ መስመር መዝለል ምን እንደሚያስከትል የተማርሁት እሷ ሳትወለድ፣ እኔም ኮምፒውተር የሚባል ነገር በስም እንኳ ሳልሰማ፣ በስልሳ ስምንት ዓ.ም. ጋፋት ላይ ነው።

ያኔ ደርግ ሥልጣን እንደያዘ ተማሪውን ሁሉ «ገበሬውን አንቁ» ብሎ በየገጠሩ በተነው። የክፍል ጓደኞቼ ካርታ ላይ ፈልገን ወዳጣናቸው አገሮች ሲዘምቱ፣ እኔን በየትኛው ጸሐፊ ስሕተት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ከደብረ ታቦሩ የእናቴ ቤት የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ጋፋት መደቡኝ። ካኪዬን ለብሼ፣ እናቴ አልቅሳብኝ፣ ተመርቄ ሄድሁ። በሦስተኛው ቀን ልብስ ላሳጥብ ተመለስሁ። ጋፋት ድሮም ከሌላ አገር የመጣ ሙያተኛ የሚጮህ ነገር ሠርቶ የሚሄድባት ቦታ ናት፤ ከመቶ ዓመት በፊት በንጉሡ ዘመን መድፍ፣ በኔ ዘመን ወረቀት።

ሥራዬ ለገበሬ ማኅበሩ አባላት ፊደልና ሒሳብ ማስተማር ነበር። ፊደሉን ታገሡኝ። ሒሳቡ ላይ ግን ናቁኝ። በሬ ሸጦ በግ ገዝቶ የኖረን ሰው «ሁለት ሲደመር ሁለት» ብለህ ብትጠይቀው፣ ምን ሊሸጥልኝ ነው ብሎ ነው የሚያይህ። አንድ ቀን ከክፍሉ ሁሉ ፈጣን የነበሩ አንዲት ባለትዳር፣ አምስት ልጅ ያደረሱ ሴት፣ እጃቸውን አወጡ።

«ዘማቹ፣ ሒሳብ እንዲህ ከሆነልህ፣ እስቲ ጾሙ መቼ እንደሚገባ ንገረን።»

አላውቅም ነበር። ክፍሉ ሳቀ። «ኧረ ተይው፤ እሱን የሚያውቁ የኔታ ናቸው» አለ አንዱ።

የኔታ የሚሏቸው የደብሩን መሪጌታ ነው። ባሕረ ሐሳብ፣ ማለት የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ቁጥር፣ አርባ ዓመት ሙሉ በጣቶቻቸው አንጓ ሲቆጥሩ ኖረዋል፤ አንድ ቀን ስተው አያውቁም። ከእብናት ወገን ያለ አንድ ደብር የራሱ ቆጣሪ እያለው በየታኅሣሡ ሰው ይልክባቸዋል። መልእክተኛው አንድ ቅል ማር ይዞ ይመጣና የነሱን ቁጥር ይነግራቸዋል፤ የኔታ እጃቸውን ጋቢ ውስጥ ከተው አንጓቸውን ይነካካሉ፤ «መሳ ነው» ይላሉ፤ እኩል ገጥሟል ማለታቸው ነው። ሰውዬው ማሩን አስቀምጦ ይመለሳል። ያቺ አንዲት ቃል የኔታ በዚህ ዓለም ያላቸው ሀብት ነበረች፤ ሌላው ንብረታቸው አንድ መደብ፣ አንድ መቋሚያና ሁልጊዜ የሚያስነጥሳት አንዲት ፍየል ነው።

ሄጄ አስተምሩኝ አልኋቸው። ባሕር ዛፍ አሳዩኝና ፍለጥ አሉኝ። ሁለት ሳምንት ፈለጥሁ። ካኪዬ ብብቱ ላይ ተቀደደ፤ ለእናቴ «ከአድሃሪ ጋር ስታገል ነው» አልኋት። በሦስተኛው ሳምንት ቁጥሩን በግእዝ ይወርዱልኝ ጀመር፤ እኔ ወደ አማርኛ እየመለስሁ ጻፍሁ። ጽፌ ስጨርስ አየሁት፤ ማካፈል፣ መቀነስና ማባዛት ነው። በውነት ተናደድሁ። ይህን ያህል ዘመን ሰፊው ሕዝብ ሲጠይቅ የኖረው የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ!

«የኔታ፣ ይህን ለምን ደበቃችሁት?» አልኋቸው።

«ማን ደበቀው? እንጨት የሚፈልጥ ጠፍቶ ነው እንጅ።»

መሬት ላራሹ ከሆነ ጾምም ለጿሚው ነው ብዬ፣ አሠራሩን በአንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጅቼ ለገበሬው ልበትን እንደሆነ ነገርኋቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም።

«ጻፈው። ብቻ ሁሉንም ጻፈው» አሉኝ።

ሁሉንም አልጻፍሁም። አካሄዱ ቀላል ነው። ዓመተ ዓለሙን፣ ማለት ዓመተ ምሕረቱን አምስት ሺህ አምስት መቶ ጨምረህበት፣ ለአሥራ ዘጠኝ ታካፍላለህ፤ ከቀሪው አንድ ትቀንሳለህ፤ የተረፈው ወንበር ይባላል። ወንበሩን በአሥራ ዘጠኝ አባዝተህ ለሠላሳ ታካፍላለህ፤ ቀሪው መጥቅዕ ይባላል። መጥቅዑ የዋለበትን ዕለት አይተህ ጥቂት ቀን ትጨምርበታለህ፤ ጾመ ነነዌ ይወጣል። ከነነዌ ሁለት ሳምንት ቆጥረህ ዐቢይ ጾምን ታገኛለህ። ይህን ሁሉ አሳምሬ ጻፍሁ። የኔታ ግን ከዚህ ሌላ ሦስት መስመር ነግረውኝ ነበር። አንደኛው፣ ሲካፈል ምንም ካልተረፈ ወንበሩን አሥራ ስምንት በል። ሁለተኛው፣ ወንበሩ ባዶ ከሆነ መጥቅዑን ሠላሳ በል። ሦስተኛው፣ ነነዌ ከጥር አሥራ ሰባት አይወርድም፣ ከየካቲት ሃያ አንድ አይወጣም፤ ከዚህ ውጭ ከመጣብህ ተሳስተሃልና ተመለስ።

ሦስቱንም ሰረዝኋቸው። ባዶ በምንም ቢባዛ ባዶ ነው፤ ሠላሳ ከየት ይመጣል? ይህ የድሮ ሰው ነገር ነው አልሁ። ሦስተኛውማ ሒሳብ እንኳ አይደለም፤ አጥር ነው፤ በትክክል ለሚያሰላ ሰው አጥር ምን ያደርግለታል? ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለኔ ዓይነቱ ነው።

አልሞከርሁትም እንዳይባል ሞክሬዋለሁ። በስልሳ አራት፣ በስልሳ አምስትና በስልሳ ስድስት ሠራሁት፤ ልክ መጣ። በስልሳ ሰባት ሞከርሁት፤ ሲካፈል ምንም አልተረፈም፤ ከምንም ላይ አንድ መቀነስ አቃተኝ። ማካፈሉ ላይ ስቻለሁ፣ ደክሞኛል ብዬ አለፍሁት። ስልሳ ስምንትን ደግሞ ጭራሽ አልነካሁትም፤ ያለንበት ዓመት ነዋ፣ ምን ይሆናል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ወረቀቱን ደብረ ታቦር ወስጄ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ማባዣ አባዛሁት። የጽሕፈት ቤቱ ሹም ርእሱን እንኳ ሳያነብ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ማኅተም መታበት፤ ያን ሰሞን ማኅተም ያልተመታበት የሹሙ ግንባር ብቻ ነበር። ከግርጌው «ምንጭ» ብዬ የኔታን ስም ጻፍሁ። የራሴን አልጻፍሁም። ለትሕትና ነው ብዬ ለራሴ ነገርሁት፤ እውነቱን ለመናገር ግን ማኅተም ያለበት ወረቀት ላይ ስም ማኖር ጥሩ እንዳልሆነ ገብቶኝ ነበር።

በታኅሣሥ መጨረሻ ክፍሉን ሰብስቤ የዘንድሮውን አስሉ አልሁ። ባለትዳሯ እንደተለመደው ቀደሙ።

«አንድ ተረፈኝ። አንዱን ስቀንሰው ምንም አልቀረኝ» አሉ።

«ዜሮ ማለት ነው። ይቀጥሉ።»

«ዜሮን በአሥራ ዘጠኝ?»

«ዜሮ ነው።»

«ለሠላሳ ሳካፍለውስ?»

«ያው ዜሮ።»

«እንግዲህ ጾሙ?»

ቀኑ ገፍቶ ነበር፤ ርቦኛል። «ዜሮ ማለት የለም ማለት ነው» አልሁ፤ ስለ ቁጥሩ እያወራሁ።

ሴትዮዋ ደብተራቸውን ቀስ ብለው አጠፉ። ሌሎቹም የየራሳቸውን አዩ፤ ሁሉም ጋ ዜሮ ነው። ማንም አልጠየቀኝም፤ ተነሥተው ሄዱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሒሳብ ገባቸው ብዬ ደስ እያለኝ እራቴን በላሁ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሳምንቱ አንበሳሜ ገበያ ላይ «ዘንድሮ ጾም የለም፤ ደርግ ሽሮታል» ተባለ። ማስረጃ አለዋ፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት! የመሬቱ አዋጅም የመጣው በማኅተም ነው። አንዳንዱ በግ ሻጭ ደርግን መረቀ። ሽማግሌው ግን ከበግ ሻጩ ይበዛል። ትናንት ርስታችንን፣ ዛሬ ጾማችንን አለ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አንድ ጠዋት መጥቶ፣ ሰዉ ምንሽሩን ከግርግዳ እያወረደ እንደሚወለውል ሹክ አለኝ። ያኔ ነው ወረቀቱን አውጥቼ የሰረዝሁትን መስመር ያስታወስሁት። ባዶውን በሠላሳ ተክቼ አሰላሁት፤ ነነዌ የካቲት ስምንት፣ ሰኞ፤ ዐቢይ ጾም የካቲት ሃያ ሁለት። ወርቅ የመሰለ ጾም ቁጭ ብሏል።

ለማረም ጊዜ አላገኘሁም። ለአስተርእዮ ማርያም ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ፣ ያ ማኅተም መቺ ሹም ሁለት መሣሪያ የያዙ ሰዎች አስከትሎ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ወረቀቱን በእጁ ይዟል። ማኅተሙ የራሱ ስለሆነ ከማንም በላይ የፈራው እሱ ነው፤ የፈራ ሹም ደግሞ የሚያስር ሰው ይፈልጋል።

«ይህ ሕዝብን በመንግሥት ላይ ለማነሣሣት የተጠነሰሰ የአድሃሪ ሤራ ነው። የማን ስም ነው ያለበት? ይውጣ» አለ።

የኔታ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሕዝቡ ዞሮ አያቸው። አንዳንዱ ሰው ዓይን ውስጥ ያየሁት ከሹሙ የባሰ ነበር፤ ጾም የሻረ መሪጌታ ነው የሚያየው።

አፌን ከፈትሁ። ይህን ለመመስከር ያህል ነው፤ ከፍቼዋለሁ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። የዚያን ዓመት ካኪ የለበሰ ተማሪ «ሥርዓት አልበኛ» እየተባለ በየቦታው ይለቀም ጀምሮ ነበር። የኔታ ከተቀመጡበት አዩኝ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ጌታዬ፣ ሤራ አይደለም። ልጁ የነገርሁትን ነው የጻፈው። እኔ ስነግረው ሦስት መስመር ረሳሁ። ሽምግልና ነው» አሉ።

ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ወንበሩ ባዶ ከሆነ መጥቅዑን ሠላሳ በል፤ እሱን ነው የዘለልሁ። ጾሙ አለ። ነነዌ የካቲት ስምንት ይገባል።»

 ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ «የኔታ ረሱ!» አለ። ሳቁ ተያያዘ። ሰዉ ጾሙ ስለተመለሰለት ደስ ብሎት ነው የሚስቅ፤ ክፋት የለበትም፤ ሲስቅ ግን በሳቸው ነው። ሹሙም እፎይ አለና ሳቀ።

«ከእንግዲህ የሚያስታውስ ሰው ጠይቁ» ብሎ ወረቀቱን ቀዳደደው።

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ያኔ የተሰማኝ ጸጸት ነው ብል ውሸት ነው፤ የተሰማኝ ደስታ ነው። አልታሰርሁም። ጸጸቱ የመጣው ቤት ደርሼ ቀበቶዬን ስፈታ ነው፤ መጥቶም አልተመለሰም።

በማግስቱ ማንም ሳይጠይቀኝ ሄጄ እንጨት መፍለጥ ጀመርሁ። የኔታ በር ላይ ወጥተው ትንሽ አዩኝ።

«ምን ሁነህ ነው የምትፈልጥ? ያኔ የፈለጥኸው አላለቀም።»

«ለምን ዋሹልኝ?»

«አንተን ቢወስዱህ እናትህ አለች። እኔን ቢወስዱኝ ቆጣሪ የለም። የረሳ ሽማግሌን ግን ማን ይወስዳል? ምን ያረግለታል?» አሉና መደቡ ላይ ተቀመጡ። «ሁለታችን የምናልፍበት ቀዳዳ እሱ ብቻ ነበር። በል መጥረቢያውን ጣልና ብዕርህን አምጣ።»

እንደገና ጻፍነው። ባዶ የሚመጣበትን ዓመት በምሳሌ አስቀድመን፣ ምንም የማይተርፍበትን አስከትለን፣ አጥሩን ከግርጌ አድርገን። ስሜን አታግባ አሉኝ፤ ያንተንም አታግባ፤ የሚያነበው ሰው ማንንም ሳይጠይቅ እንዲደርስበት አርገህ ጻፈው። ስንጨርስ ባለትዳሯን አስጠሩና ወረቀቱን ሰጥተዋቸው እኔን ዝም በል አሉኝ። ሴትዮዋ አንድ ቦታ ላይ ቆመው ቀና ብለው ሲያዩኝ፣ ያን መስመር ሰርዘን ሌላ ጻፍን። እንዲህ አራት ጊዜ። በአምስተኛው ቀና ሳይሉ ጨረሱ። ማብራሪያ መጻፍ የተማርሁት ያን ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲህ የጨመርሁበት ነገር የለም። ወረቀቱ ያለ ማኅተም፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ ሄደ።

ዘመቻው አልቆ ወደ ደብረ ታቦር ከተመለስሁ በኋላ፣ በቀጣዩ ታኅሣሥ የኔታን ልጠይቅ ጋፋት ሄድሁ። ፀሐይ ላይ ተቀምጠናል። ከታች ባለው መንገድ አንድ ሰው ቅል አንጠልጥሎ ሲያልፍ አየሁና አወቅሁት፤ የእብናቱ መልእክተኛ ነው። ወደኛ አልታጠፈም። የኔታም አይተውታል፤ ተጣሩ። መጣ፤ ጉልበታቸውን ስሞ ቆመ።

«ዘንድሮ መቼ ወጣላችሁ?» አሉት።

«ነነዌ ጥር ሃያ ሦስት ወጣልን፣ የኔታ። ወረቀቱ ደርሶናል» አለና ከብብቱ የታጠፈ ወረቀት አሳየን። ግልባጭ ነው፤ ቃሉ ግን የኔ ነው፤ «ባዶ ከሆነ ሠላሳ በል» የሚለው ከሁሉ በላይ ተጽፏል። «አሁን እንኳ ማር ልሸጥ ወደ ገበያ እየወረድሁ ነው።»

የኔታ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። ጋቢው ሲነቃነቅ አየሁት፤ አንጓቸውን እየነኩ ነው።

«መሳ ነው» አሉ። ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። ከዚያ ወደኔ ዞሩና «ጥሩ ጽፈኸዋል» አሉኝ። እንደዚያ ቀን ምስጋና አሞኝ አያውቅም።

ሰውዬው ተሰናብቶ ሲነሣ እስከ መንገዱ ሸኘሁትና በዓመቴ አፌን ፈታሁት። «የኔታ አልረሱም። ሦስቱን መስመር የሰረዝሁ እኔ ነኝ። ፈርቼ ዝም አልሁ እንጅ እሳቸው አንድም አልሳቱ። ለደብርህ ንገር» አልሁት።

ዞር ብሎ የኔታን አየ፤ ከዚያ ደስ ብሎት እኔን አየኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«እግዜር ይባርክህ፤ ያረጀ መምህሩን እንዲህ የሚሸፍን ልጅ ዛሬ የት ይገኛል?» ብሎ መርቆኝ፣ ማሩን ይዞ ወደ ገበያ ወረደ።